ካራቫኑን የምትጭኚው አንቺ ከሆንሽ፦ ከባዱ ዕቃ የት ይቀመጥ?

ኖቬምበር ሲገባ በፋርዋኒያ ሰፈሮች፣ በአንደሉስ፣ በፊርዶስ፣ በአርዲያ፣ በሳባህ አል ናስር የምትሠሩ ሁሉ ምልክቱን ታውቁታላችሁ። በጋውን ሙሉ ከግቢው ጎን አቧራ ለብሶ የቆመው ካራቫን ይታጠባል፣ ጎማው ይነፋል፣ ማዳምም ከመጋዘን ትልልቁን ድስትና ምንጣፉን ማስወጣት ትጀምራለች። የኩዌት ማዘጋጃ ቤት በረሃ ላይ ድንኳን መትከል የሚፈቅደው አብዛኛውን ጊዜ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15 ነው። እነዚያ አራት ወራት ለቤተሰቡ የእረፍት ጊዜ ናቸው። ለኛ ደግሞ ሁለት ቤት የመያዝ ጊዜ ነው፤ አንዱ ከተማ፣ ሌላው አሸዋ ላይ።

ሐሙስ ከሰዓት ቤቱ ይታመሳል። ውሃ፣ ሩዝ፣ ከሰል፣ ጋዝ፣ ጄኔሬተር፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆቹ ብስክሌት። «ሁሉንም ካራቫን ውስጥ አስገቢ» ትባያለሽ። የት እንደሚቀመጥ የሚነግርሽ ግን የለም። አንቺም እንደማንኛችንም ከበሩ ጀምረሽ ባዶ ያገኘሽበት ትደረድሪያለሽ።

«ይሄ የሹፌር ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» ትይ ይሆናል። እውነት ነው፣ መሪ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ነገር ግን የውሃው ካርቶን ከኋላ ይሁን ከፊት የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሹፌሩ የሚያየው የተዘጋ በር ነው። ካራቫኑ መንገድ ላይ መወዛወዝ ሲጀምር ደግሞ መኪናው ውስጥ፣ ምናልባትም ሕፃን ታቅፈሽ፣ የምትቀመጪው አንቺው ነሽ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጭነት እናውራ።

ነገሩን ለመረዳት ከኩዌት ይልቅ አገራችን ይሻላል። የደብረ ዘይትን ወይም የደብረ ብርሃንን ጋሪ አስቢ። ጋሪ ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያለው። ከፊት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ወጥተው ፈረሱን ግራና ቀኝ ያቅፉታል፣ ጀርባው ላይም በጠፍር ተንጠልጥለው ያርፋሉ። ሁለት ወፍራም ሰዎች ከኋላ ቢቀመጡ ምን ይሆናል? የጋሪው ኋላ ይወርዳል፣ ዘንጎቹ ሽቅብ ይነሳሉ፣ በፈረሱ ሆድ ሥር የሚያልፈው ማሰሪያም ፈረሱን ወደ ላይ ይስበዋል። እግሩ መሬት አይቆነጥጥም። ባለ ጋሪው ዞር ብሎ «ኧረ ወደ ፊት ጠጋ በሉ!» የሚለው ለዚህ ነው። ሁሉም ከፊት ቢታጨቁ ደግሞ ዘንጎቹ የፈረሱን ጀርባ ይጫኑታል፣ ፈረሱ ይንበረከካል። ጎበዝ ባለ ጋሪ ሰው ሲያሳፍር ጭነቱን የሚያከፋፍለው በዓይኑ ነው፤ ፈረሱ ላይ ትንሽ ክብደት እንዲያርፍ፣ ግን እንዳይበዛ።

ካራቫንም ጋሪ ነው። ፈረሱ ጂኤምሲው ወይም ላንድክሩዘሩ ነው። ዘንጉ ከካራቫኑ ፊት የሚወጣው ብረት ነው፣ ጫፉ መኪናው ኋላ ያለችው የብረት ኳስ ላይ ይቆለፋል። ያ ብረት ኳሷን ወደ ታች የሚጫንበት ክብደት ነው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ። የመንጠቆ ክብደት እንበለው።

ምን ያህል መሆን አለበት? አሜሪካ ውስጥ ለሚሠሩት ተሳቢዎች የሚነገረው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። የአውሮፓዎቹ ካራቫኖች ቀለል ተደርገው ስለሚሠሩ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይባልላቸዋል። ኩዌት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ፣ እዚሁ ተበይዶ የተሠራም አለ። የካራቫኑ አካል ላይ በብዛት በሩ አጠገብ ወይም ፊት ለፊቱ ላይ የሚለጠፍ የብረት ወይም የወረቀት ሰሌዳ ይኖራል፣ ትልቁ የተፈቀደው ክብደት እዚያ ተጽፏል። ያንን ማንበብ የባባ ሥራ ነው። አንቺ መያዝ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፦ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ዜሮ መጠጋት የለበትም።

ለምን? ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ የካራቫኑ ኋላ ከፊቱ በልጦ መንገዱን መምራት ይፈልጋል። ንፋስ ገፋ ሲያደርገው፣ ትልቅ የጭነት መኪና ባጠገቡ ሲያልፍ፣ ወይም ሹፌሩ መሪውን ድንገት ሲያዞር ኋላው ወደ ግራ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ። በትክክል የተጫነ ካራቫን ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ ይረጋል። ኋላው የከበደው ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ይብሳል፣ እንደ ዓሣ ጅራት። በመጨረሻ የመኪናውን ኋላ ይዞት ይዞራል። ፍጥነት ሲጨምር ነገሩ ይብሳል። በ60 ምንም ያልመሰለ ካራቫን በ100 ሊገለበጥ ይችላል። ከግቢ ሲወጣና በሰፈር መንገድ ሲሄድ ደህና ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ችግሩ የሚታየው ስድስተኛው ሪንግ ሮድ ላይ ወይም የሳልሚ መንገድ ላይ፣ መኪናው ሲፈጥን ነው።

በተቃራኒው ሁሉንም ነገር ከፊት ብትከምሪስ? መኪናው ኋላው ይዘቅጣል፣ አፍንጫው ይነሳል። መሪ የሚያዞሩት የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ አይዙም፣ ፍሬንም ይሰንፋል፣ ማታ መብራቱ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ይኼም አደጋ ነው፣ ግን ቢያንስ መኪናው ዘቅጦ በዓይን ይታያል። ኋላው የከበደ ካራቫን ግን ቆሞ ሲታይ ቆንጆ ነው። ለኔ ከሁለቱ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

በቁጥር እንየው፣ ቁጥር ለማትወጂም ቀላል ነው። ካራቫኑ 1500 ኪሎ ይመዝናል፣ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው 165 ኪሎ ነው እንበል። ይኼ 11 በመቶ ነው፣ ጥሩ ነው። ከጎማው እስከ መንጠቆው 4 ሜትር ነው። አሁን አንቺ አምስት ካርቶን ውሃ ታመጫለሽ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ያለው ባለ አንድ ተኩል ሊትር ካርቶን 18 ሊትር ነው፣ ውሃ ደግሞ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ስለሆነ 18 ኪሎ ነው። አምስቱ 90 ኪሎ። ላዩ ላይ 10 ኪሎ ከሰል ጨምሪበት፣ ድፍን 100 ኪሎ ሆነ። ይህን ከጎማው 2 ሜትር ወደ ኋላ፣ አልጋው ሥር አስቀመጥሽው። ከመንጠቆው ላይ 50 ኪሎ ተነሳ፤ 115 ቀረ። ከዚያ የቤቱ ልጅ 60 ኪሎ የሚመዝን ጄኔሬተር አምጥቶ ከጎማው 3 ሜትር ርቆ፣ ከካራቫኑ ኋላ መደርደሪያ ላይ አሰረው። ሌላ 45 ኪሎ ተነሳ። አሁን ካራቫኑ 1660 ኪሎ ሆኗል፣ መንጠቆው ላይ ያለው ግን 70 ኪሎ ብቻ ነው። ከ11 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወረደ። ለአሜሪካውም ለአውሮፓውም ከሚባለው በታች ነው። ማንም ሰው ያጠፋ አይመስልም፤ አንቺ ውሃ አስቀመጥሽ፣ ልጁ ጄኔሬተር አሰረ፣ በቃ።

ያንኑ 100 ኪሎ ልክ ጎማው ላይ፣ ወለሉ ላይ ብታስቀምጪው መንጠቆው 165 ላይ ይቆይ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ሜትር ብቻ ነው። አራት እርምጃ አይሞላም።

እንግዲህ ሕጉ ይሄ ነው፦ ከባድ ነገር ወለል ላይ፣ ጎማው ላይ ወይም ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት። ካራቫኑ ውስጥ ገብተሽ ጎማው የት እንደሆነ ለማወቅ ከውጭ ሆነሽ መስኮቱን አይተሽ ምልክት ያዢ፤ «ከመታጠቢያው በር ትይዩ ነው» ወይም «ከፍሪጁ ሥር ነው» ብለሽ። አንድ ጊዜ ካወቅሽው ወቅቱን ሙሉ ይበቃሻል። ውሃ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ የታሸገ ምግብ፣ ብረት ድስት፣ የዕቃ ሳጥን እዚያ። ልብስ፣ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ፕላስቲክ ሳህን፣ የልጆች መጫወቻ ከኋላም ከላይ ቁም ሳጥንም ቢገባ ችግር የለውም። ላይኛው ቁም ሳጥን ውስጥ የቲማቲም ቆርቆሮ አትደርድሪ። ከባድ ነገር ከፍ ሲል ካራቫኑ መታጠፊያ ላይ ያጋድላል፤ መዝጊያው ሲከፈት ደግሞ ስትደርሺ በሩን የከፈትሽ ጊዜ ራስሽ ላይ ነው የሚወርደው።

ግራና ቀኙስ? እዚህ ላይ የገጠር ልጅ የሆንሽ ከሁላችንም ትበልጫለሽ። አህያ ሲጫን አንዱ ጎን ከሌላው ከከበደ ኮርቻው ይዞራል፣ ጭነቱ ሆዷ ሥር ይገባል። ከመንገድ በፊት ሁለቱን ወገን በእጅ አንስቶ ማመዛዘን የልጅነት ሥራችን ነበር። ካራቫኑም እንደዚያው ነው። ፍሪጁ፣ ምድጃውና የውሃው ታንከር ሁሉም በአንድ ወገን ከሆኑ ካርቶኖቹን በሌላው ወገን አድርጊ። አንዱ ወገን የከበደ ጎማ ይሞቃል፣ የሞቀ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል።

ሰዎች የሚስቱት ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ብልህ ነኝ ብሎ ግማሹን ከባድ ዕቃ ከፊት ጫፍ፣ ግማሹን ከኋላ ጫፍ ያደርጋል። ሚዛኑ እኩል ነው፣ መንጠቆውም ላይ ያለው ክብደት ልክ ነው። ግን መወዛወዝ ከጀመረ ለማቆም ይከብዳል። እንስራ በጀርባ አዝለሽ መዞር ቀላል ነው። ረጅም እንጨት ትከሻሽ ላይ አድርገሽ በሁለቱ ጫፍ ባልዲ አንጠልጥለሽ ግን ዞር ስትይ ባልዲዎቹ ይዘውሽ ይዞራሉ፣ ልቁም ብትይም አይቆሙልሽም። ስለዚህ ክብደት መሃል ላይ ይሰብሰብ።

የውሃ ታንከሩ ነገር ለብቻው ይወራ። ብዙ ካራቫኖች ከ100 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ታንከር አላቸው፣ ሙሉ ሲሆን ይህ 100 ወይም 200 ኪሎ ማለት ነው። ታንከሩ የት እንዳለ እወቂ። ከጎማው አጠገብ ከሆነ ሙሉ ቢሆን አይጎዳም። ከኋላ ጫፍ ከሆነ ግን ባዶውን ሄዶ እዚያው ደርሶ መሙላት ይሻላል፤ በወቅቱ የውሃ ቦቴ መኪናዎች ወደ ካምፖቹ ይመጣሉ። ግማሽ ድረስ የተሞላ ታንከር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ይገፋል። ወይ ሙሉ ወይ ባዶ።

ጋዙ ከመንቀሳቀስ በፊት ከራሱ ከሲሊንደሩ ላይ ይዘጋ። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ይታሰር። ካራቫኑ የራሱ የጋዝ ሳጥን ከፊት ካለው እዚያ ይግባ እንጂ አልጋ ላይ አይጋደም። ከሰልን በተመለከተ ከክብደት ውጭ ቢሆንም ሳልናገር አላልፍም፦ ማታ ሲበርድ የነደደ ከሰል ካራቫን ወይም ድንኳን ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ጭሱ ባይታይም፣ ፍሙ ነጭ አመድ ቢለብስም ይገድላል። ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እያለሽ ነው የሚወስድሽ።

ጭነሽ ከጨረስሽ በኋላ ልክ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? አንቺ ልታደርጊው የምትችዪው ስንዝር መለካት ነው። ካራቫኑ ከመቆለፉ በፊት ከመሬት ከኋላ ጎማው በላይ እስካለው የመኪናው አካል ጠርዝ ድረስ ያለውን ከፍታ በስንዝርሽ ለኪ፣ የፊቱንም እንደዚሁ። ከተቆለፈ በኋላ እንደገና ለኪ። ኋላው ትንሽ መውረድ አለበት፣ ሁለትና ሦስት ጣት ያህል እንበል። ምንም ካልወረደ ወይም ጭራሽ ከፍ ካለ፣ ካራቫኑ ፈረሱን እያነሳው ነው ማለት ነው፤ ዕቃ ወደ ፊት ይምጣ። በጣም ከወረደና ፊቱ ከተነሳ በዝቷል። ከዚያ ራቅ ብለሽ ከጎን እዪው። ካራቫኑ ሜዳ መስሎ ወይም አፍንጫው ጥቂት አጎንብሶ መታየት አለበት። አፍንጫው ሰማይ የሚያይ ከሆነ ጥሩ አይደለም።

በኪሎ መለካት የሚፈልግ ሹፌር ካለ ደግሞ ማዳም የምትመዘንበት ሚዛን ይበቃዋል። ሚዛኑ እስከ 150 ኪሎ ብቻ ስለሚያነብ እንዲህ ይደረጋል። ጠንካራ ጣውላ ይወሰድ፤ አንዱ ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ሚዛኑ ላይ ይረፍ፣ በመካከላቸው 90 ሳንቲም ይኑር። የካራቫኑ አፍንጫ ከጡቡ 30 ሳንቲም ላይ ይረፍ። ሚዛኑ ያነበበው በ3 ይባዛል፤ 50 ካለ መንጠቆው ላይ ያለው 150 ነው። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፣ ከታችም የማንም እግር አይኑር። ይሄን አንቺ ብቻሽን እንዳትሞክሪው፤ ማዳምንም ሳታስፈቅዱ ሚዛኗን አትውሰዱ፣ ከሰበራችሁት ጣጣው ሌላ ነው።

ከመነሳት በፊት አንድ ዙር ዞረሽ እዪ። መንጠቆው ተቆልፏል? ከሥሩ ሁለቱ ሰንሰለቶች ተሻግረው ታስረዋል? የመብራቱ ሽቦ ተሰክቷል? የፊቷ ትንሽ ጎማ ወደ ላይ ተነስታለች? የበሩ መወጣጫ ገብቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሹፌሩ «ምን አገባሽ» ቢልሽ ሳቂና እለፊ፤ ማየት ወንጀል አይደለም።

አሁን ዋናው ጭንቀት፦ እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? «ሠራተኛዋ ልታስተምረን ነው» የሚል ቤት አለ። በጥያቄ መልክ ብታቀርቢው ይሻላል፣ ከጭነቱ በፊትም ይሁን እንጂ ሁሉም መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ አይሁን። ከባድ «ሰጊል» ነው፣ ቀላል «ኸፊፍ»። ኋላ «ወራ»፣ ፊት «ጊዳም» ወይም እንደ ቤቱ አነጋገር «ጅዳም»፣ መሃል ላይ «ቢኑስ»። ውሃ እዚህ አገር «ማይ» ነው፣ ጎማ «ታየር»። ስለዚህ «ባባ፣ ማይ ሰጊል። አሒጥ ወራ ወላ ቢኑስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ውሃው ከባድ ነው፣ ኋላ ላድርገው ወይስ መሃል ማለትሽ ነው። ብዙ ጊዜ ባባ መልሱን ራሱ ያውቀዋል፣ ስትጠይቂው ነው ትዝ የሚለው። «ቢኑስ፣ ቢኑስ» ይልሻል፣ ሐሳቡም የሱ ይሆናል። ይሁንለት።

አንድ ነገር ላይ ግን በጥያቄ መልክ አትናገሪ። መኪናው በልጆችና በዘመድ ሲሞላ «አንቺ ካራቫን ውስጥ ተቀመጪ፣ አልጋም አለ» የሚሉ አሉ። አትግቢ። ሲጎተት የሚሄድ ካራቫን ውስጥ ቀበቶ የለም፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ፍሪጁና ምድጃው በአደጋ ጊዜ ተነቅለው ይመጣሉ። ብትጮኺ ሹፌሩ አይሰማሽም። መንጠቆው ቢላቀቅ ካራቫኑ ካንቺ ጋር ብቻውን ይሄዳል። ስለ ክብደት እስካሁን ያነበብሽው ሁሉ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚገለበጠው እሱ ነው። ብዙ አገሮች ይህን በሕግ ከልክለዋል። «አና ኻይፋ። አና አርከብ ሰያራ፣ ሙ ካራቫን» በያቸው፤ ፈርቻለሁ፣ መኪና ውስጥ እንጂ ካራቫን ውስጥ አልሳፈርም ማለት ነው። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2015ቱ ቁጥር 68፣ አሠሪ ሠራተኛውን ጤናውን የሚጎዳ ወይም ክብሩን የሚነካ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራ ይከለክላል። የቀኑን ሥራም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል፣ በሳምንት የእረፍት ቀንም ይሰጥሻል፤ ካምፕ ሄዳችኋል ተብሎ ይኼ አይቀርም። በሕጉ የተጻፈው ሁሉ በየቤቱ እንደማይሠራ እኔም አንቺም እናውቃለን። ቢሆንም «ፈራሁ» ማለትና «ሕጉ ከኔ ጋር ነው» ብሎ ማወቅ አንድ አይደለም። መቀመጫ ከጠፋ ሁለት ዙር ይመላለሱ፣ ወይም ዘመዶቹ በራሳቸው መኪና ይምጡ።

መንገድ ላይ ካራቫኑ መወዛወዝ ከጀመረስ? ሹፌሩ ማድረግ ያለበት እግሩን ከቤንዚኑ ላይ ማንሳትና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ፍሬን በድንገት መርገጥ ካራቫኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ፈጥኖ ለማምለጥ መሞከርም ያብሰዋል፤ መሪውን ግራና ቀኝ ማዞርም እንዲሁ። ብቻ መኪናው በራሱ ቀስ ይበል። አንቺ ከኋላ ወንበር ሆነሽ ቀበቶሽን እሰሪ፣ ልጁን የራሱ ወንበር ላይ እሰሪው እንጂ አትታቀፊው፣ አትጩኺም። «ሽዋይ ሽዋይ ባባ» ማለት ይበቃል። ከቆማችሁ በኋላ ዕቃው ሳይነሳና ሳይስተካከል ጉዞው እንዳይቀጥል ጠይቂ። ቀስ ብለን እንሂድ ብቻ በቂ አይደለም፤ ምክንያቱ ውስጥ ነው ያለው። አደጋ ከደረሰ ስልኩ 112 ነው።

የመጨረሻው ነገር መመለሻው ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው እሱን ነው። እኔ ራሴ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው። መሄጃው ላይ ሁሉን በደንብ ጭኜ ነበር፣ ማለትም ማዳም እንዳዘዘችው። ቅዳሜ ማታ ግን ሁላችንም ደክሞናል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ነገ ትምህርት ቤት አለ። ከፊትና ከመሃል የነበረው ሩዝና ውሃ አልቋል። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ምንጣፎቹ ውሃ ጠጥተው እንደ ድንጋይ ከብደዋል። እነሱን፣ የቆሻሻውን ከረጢቶች፣ ጄኔሬተሩንና የተረፈውን እንጨት በኋላ በር ገፋሁና ዘጋሁት። የሳልሚ መንገድ ላይ ካራቫኑ ሦስት ጊዜ መኪናውን ጎተተው። ባባ ሰውየው ልምድ ስለነበረው ፍሬን አልረገጠም፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ቀስ ብሎ ጠርዝ ላይ አቆመ። ወርዶ የኋላውን በር ሲከፍት ምንም አላለኝም። ምንጣፎቹን አንድ በአንድ እየጎተትን ወደ መሃል ስናመጣ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ስትመለሺ እንደገና አስቢ። ያለቀው ነገር የት ነበር? የከበደው ምንድነው? እርጥብ ምንጣፍና ድንኳን ወለል ላይ፣ ጎማው ላይ። ያገለገለው የመታጠቢያና የወጥ ቤት ውሃ የሚጠራቀምበት ታንከር ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው፤ ከመነሳት በፊት ለዚያ በተፈቀደ ቦታ እንዲደፋ ለባባ አስታውሺው። ጄኔሬተሩ መኪናው ውስጥ መግባት ከቻለ፣ ቤንዚኑ ተዘግቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይግባ፤ ካልቻለ መሃል ላይ ይታሰር። ስንዝርሽንም እንደገና ለኪ። ሐሙስ ሁለት ጣት የወረደው መኪና ቅዳሜ ምንም ካልወረደ፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም አሥር ደቂቃ ጠብቁና ዕቃውን ወደ ፊት አምጡት።